ተለጣፊ የሚፍቀው ሰው

አንድ ሰው የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ካርድ ያገላብጣል። የሰርቨር ዲስኮችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ካርድ ነው፤ ካርዱ ከከዳ ዲስኮቹ ደህና ሆነው እንኳ በውስጣቸው ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ሻጯ ብዙ ዓይነት ደርድራለታለች፤ አንዱም ልቡን አልሞላውም። እኔ ቻርጀር ልገዛ ከኋላው ቆሜ ደሜ ፈልቷል።

ሸሚዙ በወጉ ተተኩሷል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ግን ሆን ብሎ አሳድጎታል፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዋጋ አይጠይቅም፣ ፍጥነትም አይጠይቅም። ጥፍሩን የካርዱ ተለጣፊ ጠርዝ ላይ ሰክቶ ይፍቃል፤ ካርዱ አሮጌ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ ተደብቆ እንደሆነ ያጣራል። ቀጥሎ መብራት ሲሄድ ተጽፎ ያላለቀውን መረጃ ይዛ የምታቆየው ትንሽ ባትሪ አብጣ እንደሆነ ይዳብሳታል። በመጨረሻ ካርዱን ሥጋ እንደሚገዛ ሰው ያሸተዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኼ ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ ነው እኮ! ዋስትናም አለው» አለች ሻጯ ትዕግሥቷ አልቆ።

«ያኛውም ነበረው።»

ያኛው ባንኮኒው ላይ መሀረብ ተነጥፎለት ተኝቷል፤ የተቃጠለ ካርድ ነው። አዲሱ ተለጣፊ ግማሽ ድረስ ተልጦ፣ ከሥሩ አሮጌው አፍጥጧል።

«ይኼን እንኳ ልጣልልዎት» ብላ እጇን ዘረጋች።

ቀድሟት አነሳው። በመሀረቡ ቀስ አድርጎ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ጋ ከተተው።

«ተይው የኔ ልጅ» አላት። «የሸጠልኝ ሚዜዬ ነው።»