ከጠረጴዛ ሥር የነዳሁት ባቡር

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘይት በሚቀባበት ቀን በሬን እዘጋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ ግን እጄን ያልበኛል፤ አንገቴ ሳላውቀው ይቀበራል።

እዚሁ ሰበታ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከደቡብ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድውር አዳውርለት ነበር፣ ክሩን ቀሰም ላይ እየጠቀለልኩ። የዚያን ዓመት ሥራ በዛበትና ከትምህርት ሊያስቀረኝ አሰበ። የእጅ ሥራ መምህራችን ይህን ሰምቶ ቤታችን ድረስ መጣ።

"ለወላጆች ቀን ኤግዚቢሽን አለን። ይምጡና ልጅዎ የምትሠራውን በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ ይወስኑ" አለው። አባቴ እሺ አለ።

ኤግዚቢሽኑ ባቡር ነበር። መምህሩ ሐዲዱን በጃንጥላ ሽቦ፣ ፉርጎዎቹን በሰርዲን ቆርቆሮ ሠራቸው። በአንዱ ጫፍ "ሰበታ"፣ በሌላው "ተጂ" ብሎ በካርቶን ጻፈ፤ ያኔ በዚህ በኩል የሚያልፍ ባቡር አልነበረም። የምትጎትተው ከአሮጌ ቴፕ የወጣች ሞተር ነበረች። እኔ መጠቆሚያ እንጨት ይዤ ለእንግዶቹ ላስረዳ ስሸመድድ ሰነበትኩ።

በዕለቱ ጠዋት ሞተሯ ተቃጠለች። ክፍሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ግቢ ገብተዋል። መምህሩ ላቡ ጠብ እያለ የብስክሌት ቸርኬ አምጥቶ ጠረጴዛው ሥር አሰረ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀባው፣ በክር ከባቡሩ ጋር አገናኘው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ክር ሳይበጥስ የሚያዞር ከአንቺ ሌላ የለኝም። ጠረጴዛውን አንዴ ስመታ አዙሪ፣ ሁለቴ ስመታ አቁሚ። አባትሽ ሲመጣ አወጣሻለሁ።"

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ የጠረጴዛው ጨርቅ መሬት ድረስ ወረደብኝ። በግርጌው የሰው ጫማ ብቻ ይታየኛል። ጠረጴዛው ኳ ሲል አዞርኩ፤ ከላይ ጫጫታ ሆነ።

"ሹፌር የለው፣ ጭስ የለው፤ ሰይጣን ነው እንዴ የሚነዳው?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"በባትሪ ድንጋይ ነው፣ ኦቦ" አለ መምህሩ።

"እንግዲያው ተጂ አውርደኝ፣ ገበያው ረፍዶብኛል።"

ሰው ሳቀ። እኔ ሽንቴን ይዤ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከእጄ በቀር። ክሩ ቢበጠስስ? አንዱ ጨርቁን ቢገልጠውስ? መምህሩ በእኔ ምክንያት ከሥራው ቢባረርስ? ዛሬም ሴቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ያው ፍርሃት ይይዘኛል፤ የሆነ ቦታ ጨርቅ የወረደባት ይመስለኛል።

በኋላ፣ ለጸሎት ቤት ብቻ የሚያወጣው የአባቴ ሸራ ጫማ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

"ልጄስ የታለች?"

የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ አጠገባቸው ነበር። "ውሃ ልትጠጣ ወጣች" አለ መምህሩ።

የአባቴ ጫማ ይበልጥ ቀረበኝ። ክር ሲጠቀለል የሚያሰማውን ድምፅ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፤ የእኔን እጅ ደግሞ ከነአመሉ ያውቀዋል፣ ሦስት ዙር፣ ትንሽ እረፍት፣ ሦስት ዙር። ጎንበስ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ከፍ አደረገ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማዞሬን አልተውኩም፤ ከተውኩ ባቡሩ ይቆማል።

"ምን አለ እዚያ?" አለ ሰውዬው።

"ምንም። ጫማዬን እያሰርኩ ነው።" ጨርቁን መልሶ ለቀቀው።

ተጨበጨበ። ስወጣ አባቴ ሄዷል።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ሳነሳ ቀሰም አቀበለኝ። አልተቆጣም እኮ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ለማዳወርማ ቤትሽ አለ፣ ልጄ" አለኝ። ሞተሯ እንደተቃጠለች፣ የማስረዳውን ሁሉ በቃሌ እንደማውቀው ልነግረው ነበር። ፍርሃቱ ግን ገና አልለቀቀኝም ነበር። ቁጭ ብዬ ማዳወር ጀመርኩ። ትምህርቴ በዚያው ቀረ።

ከሰዓት ላይ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ባቡሩ እንዴት ነበር የሚሄደው? እኔ አላየሁትም።"

ሽመናውን አቆመ። መወርወሪያውን አነሳና በተወጠረው ድር ላይ፣ ሳይወረውረው፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጣም በቀስታ ገፋው።

"እንዲህ" አለኝ።

"ሲመለስስ?"

ጣቱን ከኋላው አድርጎ መልሶ ገፋው።