በእርሳስ የተጻፈው ስም

ሰው አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ቤት እሠራ ነበር። ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፣ ቤቱን አጸዳለሁ፣ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ጋዜጣ ስል ፖለቲካውን አይደለም፤ የስፖርቱ ገጽ መጨረሻ ላይ ያሉትን፣ እንደ ጤፍ የደቀቁ ቁጥሮች ነው።

ከአልጋቸው ትይዩ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በዘመናቸው ሁሉ ብዙ ምት የመቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች ስም ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተል ተጽፎበታል። ስለ ጨዋታው የማውቀው ያስረዱኝን ብቻ ነው። የተወረወረለትን ኳስ በዱላ መትቶ፣ ኳሱ ሳይቀድመው ሮጦ የመጀመሪያው ማረፊያ የደረሰ ሰው አንድ ምት ይቆጠርለታል። የሞቱት በጥቁር ቀለም፣ በሕይወት ያሉት በእርሳስ ተጽፈዋል። ከሁሉ በላይ ያለው ሟች ነው፤ ሽማግሌው በልጅነታቸው ከዊንዘር ወንዙን ተሻግረው ዲትሮይት ሲጫወት አይተውታል። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈው ግን በዚያ በፈረንጆቹ 1985 ሰመር ገና ይጫወታል፣ በየሳምንቱም ይጠጋል። በመታ ቁጥር የድሮውን ቁጥር በላጲስ አጥፍቼ አዲሱን እጽፋለሁ። ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ነበር።

«ትናንት መጥቶ ነበር» አሉኝ አንድ ጠዋት እንቁላላቸውን እየበሉ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ።» ተነሥተው ሄዱና ጣታቸውን ልክ ከላይኛው ስም ላይ አሳረፉ። ሳህናቸውን እንኳ በዳበሳ የሚያገኙ ሰው ናቸው። «እዚህ ቆሞ ይቆጥራል። በእርሳስ የተጻፈው ሰው እሱን ያለፈ ዕለት፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።»

ይህን ያሉት ሻይ እንደሚያዝ ሰው ረጋ ብለው ነው። የዚህ አገር ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ሰው የራሱን ቀን ሲናገር እፈራለሁ። ደግሞም ሽማግሌውን ወድጃቸው ነበር፤ በዚያ ከተማ ስሜን ሳያጣምም የሚጠራኝ ፈረንጅ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ ደረሰ አይነገርም። ባለቤቱ ጠንከር እስኪል፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ከዚያ ማለዳ ይረዳል። እኔም በለመድኩት ሄድኩ። ኦገስት ላይ አንድ ቀን በእርሳስ የተጻፈው ሰውዬ ሁለት መትቶ ሳለ «አንድ» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሁለት ነው።»

ሬዲዮናቸው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከእኔ ሌላ ወደዚያ ቤት ዝር የሚል ሰው የለም። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ስትደብቂ ከቁጥሩ በፊት ትንሽ ትተነፍሻለሽ። ወደ ውስጥ።»

አፍሬ ቁጥሩን ላስተካክል ወደ ወረቀቱ ሄድኩ። ስፍቅ ከአጠገቤ ያለው የወለሉ ሳንቃ ሲጥ አለ፤ ሰው ቦታ የለቀቀልኝ ያህል። ዘወር ብል ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሡም።

በዚያው ቀን ከሥራ ወጥቼ ሴንት ጄምስ ታውን ገባሁ። እዚያ አፓርታማ የምጋራት አንዲት የአገሬ ልጅ አለች፤ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ በየወሩ ትጽፍልኝ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ደብዳቤዋ ቀርቷል። እኔ ጽፌ ጽፌ መልስ አጣሁ።

«ዛሬም ደብዳቤ የለም?» አልኳት ጫማዬን ሳላወልቅ።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ትንሽ ተነፈሰች፤ ወደ ውስጥ። «ቼክ አድርጌያለሁ፣ ሜይል ቦክሱ ባዶ ነው። ይልቅ ቁጭ በይና ብዪ፣ ሺፍትሽ ረጅም ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ያላየሁት ነገር በአንድ ጊዜ መታየት ጀመረ። ዘፈን የምንሰማበት ቴፕ ከተዘጋ ስንት ወሩ ነው? እኔ ስገባ ስልኩን የምትዘጋው ለምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሴቶች አቅፈውኝ የማይለቁኝ ለምንድን ነው? ሙያው የእኔ ብቻ መስሎኝ ሽማግሌ ሳታልል፣ እኔ ራሴ በየቤቱ ስታለል ከርሜያለሁ። ተናደድኩ። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ አልበለጠም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እስካልጠየቅሁ ድረስ እህቴ አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ደብዳቤ አላነሣሁም፣ እሷም አላነሣችም። ሁለታችንም በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ቀስ ብለን እንረግጥ ነበር።

የጳጉሜን ሦስት ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጋዜጣውን ገለጥኩ። ሰውዬው እሑድ ዕለት ሁለት መትቷል። ከሟቹ ጋር እኩል ሆኗል፣ ለማለፍ አንድ ብቻ ቀረው ይላል። እንዳለ አነበብኩላቸው፤ መደበቅ አንገሽግሾኝ ነበር።

«ምንም አልቀረውም። ትናንት አልፎታል» አሉ።

ከትራሳቸው ሥር የቆየ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች የሟቹ አንድ ጨዋታ በስሕተት ሁለት ጊዜ መጻፉን ደርሰውበታል ይላል፤ ትክክለኛው ቁጥር ሰው ሁሉ ከሚያውቀው በሁለት ያንሳል።

«አየሽ፣ ሰው ሁሉ ሌላ ቀን ይጠብቃል፤ የሚያጨበጭበውም በሌላ ቀን ነው። እውነተኛው ቀን ማንም ከመቀመጫው ሳይነሣ ሄደ።»

«እርስዎስ? አብሬው እሄዳለሁ ብለው ነበር።»

ጆሯቸውን ወደ ወረቀቱ አዘነበሉ። «ሳይጠራኝ ሄዷል» አሉ፤ እንዳኮረፈ ሕፃን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። እውነትም ክፍሉ እንግዳ የወጣበት ቤት ያህል ሰፍቶ ነበር። ይሞታሉ ብዬ ስሳቀቅ ከረምኩ፤ አሁን ግን መቅረታቸው አንጀቴን በላው።

ሰውዬው የቀረችውን አንዷን የመታት በዕንቁጣጣሽ ማታ ነው። በማግሥቱ በቴሌቪዥን ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብለት አየን። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አጠገቤ ሆና የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ እየጠበቀች መሆኑን አውቄያለሁ፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። በሆዴ በዓሉን አርዝምልኝ እያልኩ ተለማመንኩ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ ቆማለች። በበሩ ቀዳዳ ስመለከት ኮሪደሩ በአገሬ ሰው ተሞልቷል፤ ከፊት ጥቁር ካፖርት የለበሱ አንድ አዛውንት አሉ። ራሴ ከፈትኩ።

«ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉኝ።

«አባባ፣ መቼ ነው?»

ማን ብዬ ባለመጠየቄ እርስ በርስ ተያዩ። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። «ሚያዝያ ላይ። የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን።»

ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ያን ሳምንት ባስበው ባስበው አንድም ነገር አላገኝበትም፤ ሠርቼ፣ በልቼ፣ ተኝቼ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አራት ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። በመጨረሻው ላይ እንዲህ ብያት ነበር፦ «ምን በደልኩሽና ነው ያኮረፍሽኝ? ካሁን በኋላ አንቺ ካልጻፍሽልኝ እኔም አልጽፍልሽም።»