አልጋ ወራሽ

የተቃጠለ ጎማ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ልጅነቴ ይመጣብኛል። አባቴ ከአዳማ ወደ ሞጆ መውጫው ላይ ጎማ ይጠግን ነበር። ቤታችን ከጎሚስታ ቤቱ ጀርባ ስለነበር ሽታው ትራሳችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እሱ ካረፈ ወዲህ ጎሚስታ ቤቱን የማሠራው እኔ ነኝ፤ ሰፈሩም "ወራሿ" ይለኛል። ቃሉን አልወደውም።

ወንድሜ በዕድሜ በብዙ ይበልጠኝ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን ሲፈታ ያየ ሾፌር "ልጅህ ነው እንዴ?" ብሎ አባቴን ይጠይቃል። አባቴም እጁን በጨርቅ እየጠረገ "አልጋ ወራሼ ነው" ይላል። የንጉሥ ልጅ እንዲያ እንደሚባል ማን ነግሮኝ? ለእኔ አልጋ ማለት ወንድሜ ሲገላበጥ ሲጥ ሲጥ የሚለው የሽቦ አልጋ ነው። እኔ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ስለምተኛ በቅናት ድብን እል ነበር።

"እኔስ መቼ ነው አልጋ ወራሽ የምሆነው?" ብዬ ስጠይቅ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወንድሜ ጸጉሬን እያመሰቃቀለ፣ "ስሄድልሽ" አለኝ።

ሄደም። በጅቡቲ መስመር የመኪና ረዳት ሆኖ ወጣ፤ ባሕር ተሻገረ ተባለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አለ እንዳንል ወሬው የለም፣ እንዳናለቅስ መርዶ አልመጣ። እናቴ የአልጋውን አንሶላ እያጠበች ታነጥፋለች፤ ማንም ጫፉ ላይ እንኳ አይቀመጥም። አንድ ቀን አባቴ "ልጅቷ መሬት ላይ ከምትተኛ እዚያ ትውጣ" ቢላት፣

"ሳይሞት ልታስወርሰው ነው?" አለችው።

ወራሽ የሚመጣው ሰው ሲሞት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጋውን መመኘት ቀርቶ በአጠገቡ ማለፍ ፈራሁ።

ክረምቱ እንደወጣ ወባ ያዘኝ። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። አባቴ መንቀጥቀጤን ሲያይ አንስቶ አልጋው ላይ አስተኛኝ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ አልብሶኝ መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። ሽቦው ከሥሬ ሲጥ ሲል ወንድሜ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ መሰለኝ። አሁን ትኩሳቱ ነው እላለሁ እንጂ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

በሩ ተከፈተ። ዘንቢል መሬት ሲወድቅ፣ ሽንኩርት ሲንከባለል ሰማሁ። እናቴ ቀስ ብላ መጥታ በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን ያዘች።

"መጣህ?" አለች።

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ባለ ድምፅ ስታናግረኝ ግን ሰምቻት አላውቅም፤ አሳዘነችኝ። "መጣሁ" የሚለው ቃል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ትኩሳቱም ጉሮሮዬን ዘግቶ ድምፄን አጎርንኖታል።

"መጣሁ" አልኳት።

ብርድ ልብሱን አልገለጠችም። ለምን እንዳልገለጠች እስክትሞት ድረስ አልጠየቅኋትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሬን ታሻሽ ጀመር።

"እህትህ ስትመኘው ነበር" አለች። "ለማንም አልሰጠሁብህም።"

እስክትነሳ ድረስ እሱን ሆኜ ተኛሁ።