ጠጉር ያበቀለች መኪና

አባቴ በሬ ገጨ። በእሱ አነጋገር ግን የገጨው በሬው ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር "መጥቶ ገባብኝ" ይላል። እኔ ከኋላ ወንበር ስለነበርኩ ያየሁትን አይቻለሁ። በሬው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ተገትሮ ያመሰኳ ነበር። ቀይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የረፋድ ፀሐይ አርፎበታል። ከአባቴ አጠገብ የተቀመጠችው እናቴ "በሬ! ኧረ በሬ!" ትላለች። አባቴ "አየሁት" አለ፤ አየሁት እንዳለም ገጨው። ደግነቱ በዝግታ ነበር የምንሄደው። በሬው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሣሩ ተመለሰ። መኪናችን ግን አፍንጫዋ ተጨፈላልቆ፣ አንድ ዓይኗ ወጥቶ እዚያው ቀረች።

እናቴ ወረደች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ሁለተኛ ከአጠገብዎ ተቀምጬ በመኪና ብሄድ የናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!" አለችና በእግሯ መንገድ ጀመረች። እናቷ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። በእናት አጥንት የማለን ሰው በእኛ አገር ማንም አይለማመጥም።

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። አዘቦቱን ዱቄት ለብሶ ይውላል፤ በዓል ሲሆን ግን ታጥቦ፣ ክራቫት አስሮ፣ እናቴን ከጎኑ አስቀምጦ ከተማውን አንድ ጊዜ ካልዞረ በዓሉ በዓል አይሆንለትም። መኪናዋን የገዛት ከአብዮቱ በፊት አገር ጥሎ ከሚሄድ ጣሊያን ነው። ያኔም አሮጊት ነበረች። አሁን የአጠገቡ ወንበር ባዶ ሊቀር ሆነ፤ ይህ ደግሞ ከአፍንጫዋ ይልቅ አንገበገበው። የመኪናዋ ፊት ከተመለሰ ሚስቴም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች ብሎ አመነ። እናቴ የፈራችው መኪናዋን ሳይሆን ሾፌሩን መሆኑን ሊነግረው የደፈረ አልነበረም።

ባቲላሜራው፣ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃናው የሰፈራችን ባለጋራዥ፣ መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣለት ኮፈኗንና ሁለቱን ፓራፋንጎ፣ የጎማ መከለያዎቹን፣ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ብረቱ ዝጓል፣ ቢመታ ይቀደዳል። አዲስ ላሜራ ደግሞ በዚያ ዘመን በሕልምም አይገኝም፤ ነዳጁ ራሱ በኩፖን ነው። "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አለ በመጨረሻ። "በፋይበር እንሥራላት።" አዲስ አበባ ሳለ የውሃ ታንከር ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አይቶት ነበር። ከመስታወት የተፈተለ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ማር የመሰለ ሙጫ ይቀባል፣ ሙጫው ውስጥ ጠብ የምትል መድኃኒት አለች፣ ከዚያ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "ብረቱን በሬ ጨፈለቀው፤ ይህንንማ ዶሮ ትበሳዋለች።"

ባቲላሜራው አሮጌውን አፍንጫ እንደ ነገሩ አቃንቶ፣ እንዳይጣበቅ የጧፍ ሰም ቀባው፤ በላዩ ጨርቁን አነጠፈ፣ ሙጫውን ለቀለቀ። በአዲስ አበባው ልምድ ምሳ ተበልቶ ሲመለሱ ደርቆ ይገኛል ተብሎ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ምሳም ተበላ፣ መክሰስም ተበላ፣ ሙጫው እንደ አብሽ እየተዝለገለገ ቁጭ አለ። የእኛን ከተማ ብርድ ለሚያውቅ ይህ አይገርመውም፤ ሰዉም የሚፈታው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ከሰል እናቀጣጥል ቢሉ ሙጫው እሳት ይይዛል ብለው ፈሩ። አባቴ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ብርድ የመታው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ይሸፈናል። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። አልጋው ላይ ያለውን ዝተት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራሙን፣ ተሸክሞ ሄደና መኪናዋን እንደ በሽተኛ ጥቅልል አድርጎ ሸፈናት።

ዝተቱ የእናቴ እናት ለሠርጓ ፈትላ ያሠራችላት ነበር።

በማግስቱ ሙጫው ደርቋል። ዝተቱን ሲያነሡት አዲሱ አፍንጫዋ አብሮ ተነሣ። ቢጎትቱ፣ ውሃ ቢያፈሱ፣ ቢለምኑት አልለቅም አለ። ባቲላሜራው ያልተጣበቀውን በመቀስ ቆረጠ፣ የተጣበቀውን በቢላዋ ላጨ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ሰማያዊ ቀለም ደረበበት። ቢሆንም የሽመናው መስመር ከቀለሙ ሥር ይታያል፤ እዚህም እዚያም ጥቁር ጠጉር ብቅ ብሏል። የቀበሌው ዘበኛ ሲያልፍ ቆም አለና "ጓድ፣ ይህች መኪና በዓመት ስንት ጊዜ ትሸለታለች?" ብሎ ጠየቀ። ከተማው ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም።

እናቴ ነገሩን ሰምታ ጋራዡ ድረስ መጣች። አባቴ ከባቲላሜራው ኋላ ቆመ፤ እኔም ከአባቴ ኋላ። ጣቷን በኮፈኑ ላይ አሳለፈች፣ መስመሩን አገኘችው፣ ተከትላው ሄደች። "እናቴን ለብሳ ነው የቆመችው" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ቀስ በቀስ እንባ ሆነና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኛም የምትስቅ መስሎን መሳቅ ጀምረን ነበር፣ አፍረን ተውነው።

የአያቴ ሙት ዓመት አንኮበር ነበር የሚወጣው። እናቴ በዋዜማው ለአባቴ "ዝተቷ ከሄደች እኔም አልቀርም" አለችው። "ነገር ግን ምያለሁ። ከአጠገብዎ አልቀመጥም። እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ነኝ።" አባቴ ይህንንም ድል ብሎ ቆጠረው። ክራቫቱን አሠረ። ባዶዋን የፊት ወንበር በመሐረብ ወለወላት፣ ሰው የሚቀመጥባት ይመስል።

መንገዱን በዝግታ ሄድን። እናቴ ከጎኔ ሆና "ሾፌር፣ ቀስ!" ትለዋለች፣ እሱ "እሺ እመቤቴ" ይላል። በጣም ሳቅን። አንኮበር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ አባቴ ሳይታሰብ መኪናዋን ዳር ይዞ አቆመ። ሁለት እጁ መሪው ላይ እንደ ተጣበቀ ቀረ።

"ምን ሆኑ?" አለች እናቴ።

"ምንም። ጉሙ ይለፍ ብዬ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ታች አልዩ አምባ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ከእሷም ወዲያ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቷል። "አባባ፣ የምን ጉም..." ብዬ ስጀምር እናቴ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ማጅራቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረደች፣ ዞረች፣ የፊተኛውን በር ከፍታ ከአጠገቡ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋች።

"እውነትዎን ነው፤ ከባድ ጉም ነው" አለችው። ቀጥላም "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

አባቴ ወደ እሷ አልዞረም። "ከፋሲካ ወዲህ ነው" አለ። በሬው የተገጨው ከፋሲካ በኋላ ነበር።

አልተቆጣችም። ለእኔ "ውረጂና ከሙት ዓመቱ ቤት አጎትሽን ጥሪ። መንዳት የሚያውቅ ሰው ይዞ ይምጣ" አለችኝ። እንባዬን እየዋጥኩ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ። ከመታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ አየኋቸው። እናቴ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ በጣቷ ወደ ቆላው እያመለከተች፣ የሚታየውን አንድ በአንድ ትነግረው ነበር።