የእናቴ ምች

ይህ ነገር ያስከፈለኝ እህቴን ነው። ሌላ ያወጣሁት አይቆጠርም።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በግ ነጋዴ ነኝ። ለዘር የሚሆን አውራ ስገዛ ጥርሱን ገልጬ፣ ጀርባውን ዳብሼ፣ እናቱ ምን ዓይነት እንደነበረች ጠይቄ ነው። በኛ አገር ጋብቻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሎች ገና ከመቀመጣቸው በዘራችን ደዌ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እናታችሁስ በምን አረፉ?»

«ምች መቷት ነው» አልኩ።

እናቴ የሞተችው በጡት ነቀርሳ ነው። አክስቴም እንደዚያው። እናታችን ስትሞት እህቴ ሕፃን ስለነበረች ለእሷም የነገርኳት ያንኑ ምች ነበር። ገበያ ላይ ከምዋሸው አይበልጥም ብዬ ነው። ተዳረች፤ ሴት ልጅም ወለደች።

ከዓመታት በኋላ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ከባሏ ጋር ሆነን ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ወጣቱ ሐኪም ዳሰሳትና፣

«ከቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ? እናት፣ አክስት?» አለ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ባሏም ዞረ።

«ኧረ የለም፣ ዶክተር! የመንዝ ሰው በብርድ ካልሆነ አይሞትም።»

ባሏ ሳቀ። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ፣ ዕድሜዋም ገና ነው፣ እብጠቱ ካደገ ተመለሱ አለን። ስንወጣ ሻይ ጋበዝኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

አደገ። በዓመቱ አዲስ አበባ ስንደርስ ብብቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚያ ላገኘናቸው ትልቅ ሐኪም ለብቻቸው እውነቱን ነገርኳቸው። በዘር የሚወረስ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል አስረዱኝ፤ ያለባት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም፣ አደጋው ግን ከሌላው ሰው ይበልጣል። ወንድም ቢሆን ራሱ ሳይታመም ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል።

«ቀድሞ ቢነገር ኖሮ ያኔውኑ በደንብ ትመረመር ነበር» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእህቴ አልጋዋ ላይ ሳለች ነገርኳት።

«ጋሼ፣ የታመመ በግ እንኳ ስትሸጥ ለወዳጅ ትናገር ነበር እኮ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ልጄን እንዳትደብቃት።»

እህቴ አርፋ አርባዋ ሳይደርስ ለልጅቷ ነገርኳት፣ አባቷ እየሰማ። እሱ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይቀበልም። ለራሴ ሴት ልጆችም ነገርኩ።

እናቴ፣ አክስቴ፣ እህቴ የሉም። ልጅቷ አድጋ በየዓመቱ ትመረመራለች። እኔ ጤነኛ ነኝ።