የፈረምኩት ለማስተማሯ ነው

ወልድያ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ወለሉን ስረግጠው ግራጫ ብናኝ ቡን ይላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከቆርቆሮው ሥር ባለች ስንጥቅ ነው። መርሳ ገበያ ሽንኩርቴን ዘርግቼ ከተቀመጥኩበት ነው ያነሱኝ። ሁለት ሰዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ሽንኩርቱን አጠገቤ ለምትሸጠው ሴት አደራ ብዬ ተነሳሁ።

ለምን እንደታሰርኩ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ልጄ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት። የምታስተምረው የአፈርን ነገር ነው፤ እዚያው መርሳ አጠገብ ያለው የግራና መስኖ መሬት ከዓመት ዓመት ለምን ጨው እንደሚያወጣ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ዶክተር ሆና እንድትመለስ ውጭ አገር ሲልኳት ውል አስፈረሟት፤ ተምራ ትመለሳለች፣ የተማረችበትን ዓመት እጥፍ ታስተምራለች የሚል ነው። ደመወዝተኛ ዋስ ስታጣ የቤቴን ካርታ ይዤ ሄድኩና እኔው ፈረምኩላት። እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ስሜን መጻፍ አላቃተኝም። ወረቀቱን ግን አላነበብኩትም።

እኛ አገር ዋስ ማለት ሰውየውን በአካል የሚያቀርብ ነው፤ ካላቀረበ እሱ ይገባል። እናም «ቆየች ብለው ነው። ደግ አደረጉ፣ ዋስ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጠርቼ ላመጣትም ቆርጬ ነበር። ቃሌን በልቼ መኖር አይሆንልኝም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች፤ የወልድያ ባለሱቅ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች። ከጋቢዋ አካፍላ አለበሰችኝና «አንቺስ እቴ፣ ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«የልጄ ዋስ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ የሱቄ ዋስ ነኝ» አለች። «የአድማው ቀን ዘግተሽ ዋልሽ ብለው ነው። ስንከፍት ግብር፣ ስንዘጋ እስር።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ነገሬን አንድ ባንድ ስነግራት ግን እሷ ሳቋን ተወችው።

«የከሰሰሽ ዩኒቨርሲቲው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ጉድ እኮ ነሽ! ለዋስነት ቢሆን ፍርድ ቤት ይጠራሻል እንጂ ከገበያ አያነሱሽም። ልጅሽ ምን ተናግራ ነው?»

«ልጄ ስለ አፈር እንጂ ስለ ሌላ አታወራም።»

«ይሁንልሽ። ብቻ ነገ ሲጠሩሽ ወረቀቱን አስነብቢያቸው። ሳይነበብልሽ እሺ እንዳትይ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። መርማሪው የልጄ እኩያ ነው። የኔን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«ለልጅሽ ትደውያለሽ» አለኝ። «በጠና ታምሜያለሁ፣ ሳልሞት ድረሺልኝ ትያታለሽ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ እኮ ጌታዬ» አልኩት። «ዋስ ነኝ፤ ነይ ብላት ትመጣለች። ስትመጣ ወደ ማስተማሯ ትገባለች አይደል?»

ሳቀ። «መጀመሪያ እዚህ ትመጣለች።»

ከዚያ አጠገቡ ያለውን ኮምፒውተር ነካ ሲያደርገው የልጄ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። ዘለልኩ። ከባሕር ማዶ ከሚተላለፍ ሬዲዮ የቀዱት ነው። ለትምህርት የተላኩ መምህራን ለምን አይመለሱም ብሎ ጋዜጠኛው ይጠይቃታል። «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቤት የለም፣ እውነት ነው» ትላለች። «ግን ከኛ ክፍል የሄዱት በዚያ ብቻ አይደለም። ዕድገት የሚሰጠው ለፓርቲ አባል ነው። ስብሰባ ላይ የተናገረ ኮርሱን ይነጠቃል። አስተማሪ ያወቀውን ተናግሮ ቤቱ የሚያድር ከሆነ በትንሽ ደመወዝም ይቀመጣል።» ቀጥላም «እኔ እመለሳለሁ፤ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል» አለች።

ያስፈራችኝ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። ልጄ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች።

«ሰማሽ? ፀረ ሰላም ናት» አለ መርማሪው።

«ውሉ ይነበብልኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው።

«ምን?»

«የፈረምኩት ወረቀት። እዚያ ፋይልዎ ውስጥ ይሆናል። ይነበብልኝ።»

ተናደደ፤ ግን በጥድፊያ አነበበው። ተመልሳ ታስተምራለች። ባትመለስ የተያዘው ቤት ይሸጣል። አለቀ።

«ሌላ የለውም?»

«ምን ሌላ ትፈልጊያለሽ?»

«እንግዲያው እኔ የፈረምኩት ለማስተማሯ ነው። ለእስሯ አልፈረምኩም። እንድታስተምር ከሆነ የምትፈልጓት አሁን እደውላለሁ። ካልሆነ ቤቱ ያውላችሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፖለቲካ ማን አስተማረሽ?»

«ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ» አልኩት። «ሽንኩርት ተዋውዬ ቃሪያ አልቀበልም።»

ድምጿን ስሰማ የምሸነፍ መስሎት ይሆናል፣ እሱ ራሱ ደወለና ስልኩን አፌ አጠገብ አቀረበው። እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎታል።

«እማ! ምነው ጠፋሽ?» አለች ልጄ።

«ደህና ነኝ። አልታመምኩም። ታማለች የሚልሽ ሰው ካለ ውሸቱን ነው» አልኳት። «ትምህርትሽን ጨርሺ። እኔ ራሴ ሳልጠራሽ እንዳትመጪ፣ ወላሂ...»

ስልኩን ዘጋው። ቀጥሎ የሆነውን አልጽፈውም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ባለሱቋ ፊቴን በውሃ አበሰችልኝና «አስነበብሻቸው?» አለችኝ።

«አስነበብኳቸው።»

ሁለት ወር ከአሥር ቀን ቆይቼ ወጣሁ። ቤቱን አልወሰዱብኝም፤ ለካስ የሚፈለገው ቤቱ አልነበረም።

ልጄ ዛሬ የሰው አገር ልጆች ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት አንዲት የግራና ገበሬ ልጅ ቤቴ መጣች፤ ልጄ ታስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ያንኑ የአፈር ትምህርት ነው የምትማረው። ኮርሱን የሚሰጣቸው ገና በቅርቡ የተመረቀ ልጅ መሆኑን ነገረችኝ። «ምስኪን፣ እሱም ከኛው እኩል ነው የሚያጠናው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይህችን ልጅ አስተማሪ ያሳጣኋት እኔም ነኝ። ያደረግኩት አይጸጽተኝም፤ እሷን ሳያት ግን ይቆጠቁጠኛል።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» አለችኝ።

ጊዜው ተለውጧል ይሉኛል። እኔ የሰውን ወሬ አልከተልም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ስብሰባ ላይ የተናገረው አስተማሪ በማግስቱ ክፍል ገባ ወይ?

«ስጠራት ትመጣለች» አልኳት።

እስካሁን አልጠራኋትም።