በአንድ ዓይን የሳልኳት ዘፋኝ

ሥዕሉን ጠቅልዬ በክር ሳስር አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"እስቲ ፍቺው" አሉኝ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው፤ እርሳስ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

"ይቺ ማን ናት?"

"ዘፋኟ ናት። ደባርቅ አድራ ዛሬ ወደ ተራራው፣ ወደ ጨነቅ ትወጣለች። ልሰጣት ነው።"

"ምን በድላሽ?"

ያኔ ገባኝ። የሳልኳት ከጎን ነበር፦ አፍንጫዋ፣ ከሹሩባዋ ሥር የተንጠለጠለው ጉትቻ፣ አንድ ዓይን። በአባቴ ሙያ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ሰማዕታቱን የሚገርፈው ወታደር ነው። ይህንን የተማርኩት ከፊደል ጋር ነው። ግን ፊት ለፊት የተነሣቻቸውን ፎቶዎች ሳይ እኔኑ የምታየኝ እየመሰለኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ከጎን የተነሣችውን መረጥኩ።

"የዛሬ ሰው ይህን አያውቅም፣ አባዬ።"

"እሷ አታውቅ ይሆናል። እናቷስ?"

እናቷ የዳባት ቄስ ልጅ መሆናቸውን በየቃለ መጠይቁ ትናገራለች።

ስልኬ ጠራ። ዘፋኟ ያረፈችበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ናት።

"ቁርስ እየጨረሱ ነው። አሁን ካልመጣሽ ከዛሬ ወዲያ ስለሷ እንዳታወሪኝ፤ ጆሮዬን በልተሽዋል።"

ሌላ ለመሳል ጊዜ አልነበረም። ጉሙ ገና ከአስፋልቱ ላይ አልተነሣም፤ ባጃጁ መብራቱን አብርቶ ነበር የሚሄደው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ፊት ወጥቼ መናገር ባለብኝ ቀን ሁሉ የሷን ዘፈን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሄድ ነበር። ያለሷ እመረቅ ነበር ብዬ አላስብም። ለዚህ ውለታ የምሰጣት ስድብ እንዳይሆን ፈራሁ።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ስደርስ ከዘፋኟ ጎን ነጠላ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። እናቷ አብረው መምጣታቸውን ማንም አልነገረኝም። ልመለስ ስል የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

"የነገርኳችሁ ይቺ ናት። አትናገርም እንጂ ትስላለች።"

"ነይ እህቴ" አለች ዘፋኟ፣ ወረቀቱን ተቀብላ እየዘረጋች። "እንዴ፣ ጉትቻዬ ሳይቀር!"

እናቷ ጎንበስ ብለው አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ።

"ሥዕል ማን አስተማረሽ ልጄ?"

"አባቴ።"

"ምን ይሠራሉ?"

"የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው።"

"እንግዲያ ታውቂያለሽ።"

ዘፋኟ ግራ ገብቷት አንዴ እናቷን አንዴ እኔን ታያለች። አላውቅም ብል ያልፍ ነበር።

"አውቃለሁ፣ እማማ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። "ለክፋት አይደለም። ፊት ለፊት ማየት አቅቶኝ ነው። ፎቶዋን እንኳ።"

የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ሳቋን አፈነች። እናትየው አልሳቁም።

"እርሳስ ይዘሻል?"

"አዎ።"

"አሁን ሳያት።"

"እማዬ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ መኪና ውስጥ ናቸው እኮ" አለች ዘፋኟ።

"ይቆዩ። እንዲህ ሆነሽ ግድግዳ ላይ አትሰቀይም።"

ሳህኖቹን ገፋ አድርገው ሥዕሉን በጀርባው ገለበጡልኝ። ዘፋኟ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ወረቀቱን አየሁ፣ ጠረጴዛውን አየሁ። በመጨረሻ ቀና አልኩ።

ዓይኖቿ በብርድና በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል፤ የግራ ዓይኗ ቆብ ከቀኙ ትንሽ ወረድ ይላል። በፎቶ አይታይም። ማየቴን አወቀች መሰለኝ፣ ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

"ወደኔ ይመልከቱ" አልኳት። ለማንም ሰው እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

ተመለከተችኝ።

ሁለቱን ዓይኖች ጨርሼ ወደ አፍንጫው ስወርድ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አፏን አልደረስኩበትም። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እናቷ ወረቀቱን ከፊቴ አነሡት።

"ይኸው ይበቃል" አሉ፣ ባለ አንድ ዓይኑን ወደ ውስጥ አድርገው እየጠቀለሉት። "አባትሽን ሰላም በይልኝ።"